በአንዲት ደሴት ላይ ብቻ የቀረች ርግብ



ርግብ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው በቤታችን ጣሪያ ላይ የምታጉረመርመውን፣ እህል ከተሰጣበት ቦታ የማትጠፋውን ግራጫ ርግብ ነው። ወይም ደግሞ የወይራ ቅጠል ይዛ ወደ ኖኅ የተመለሰችውን (ዘፍ. 8፥11)። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ርግብ ግን ኑሮዋ ከእህል ጋር አይደለም። ምግቧ የዛፍ ፍሬ ነው። በአገራችን ዋርካና ሾላ ሲያፈራ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ የሚለቅም ሆደ ቢጫ አረንጓዴ ርግብ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ይህችኛዋን በዓይነ ሕሊና ለመሳል ከእርሱ መነሳት ይቻላል። እርሷም ጀርባዋ አረንጓዴ ነው፤ ራስዋና አንገቷ ወደ ግራጫ ያደላል፤ ግንባሯ ላይ ደግሞ ሐምራዊ ቀለም ተቀብታለች። ርዝመቷ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በዓለም ሁሉ ብትፈለግ የምትገኘው በአንዲት ደሴት ላይ ብቻ ነው፤ ራፓ በምትባል።

ራፓ በደቡባዊው ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ግዛት ሥር ያለች ደሴት ናት። ስፋቷ 40 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከታሂቲ ወደ ደቡብ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም። የጭነት መርከብ በሁለት ወር ገደማ አንዴ ብቅ ይላል፤ ዱቄቱም፣ ነዳጁም፣ መንገደኛውም የሚመጣው በዚያው ነው። ደሴቲቱ የጥንት እሳተ ገሞራ ቅሪት ስትሆን መሐሏ ሰርጉዶ ባሕር ገብቶበታል፤ ከላይ ሲያዩዋት አንድ ወገኗ እንደ ተሸረፈ ጎድጓዳ ሳህን ትመስላለች። በዚያ የባሕር ወሽመጥ ዳር 500 ያህል ሰዎች ይኖራሉ። ጎደሬ ይተክላሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ፍየልና ከብት አላቸው።

እነዚህ ሰዎች ለእኛ ባዕድ አይደሉም። አብዛኞቹ ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ናቸው። ወንጌል ወደ ራፓ የገባው በ1826 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን፣ በደሴቲቱ ተቀምጠው ያስተማሩት ከታሂቲ የተላኩ፣ ቆዳቸውም ኑሯቸውም የራፓን ሕዝብ የሚመስል አማኞች ነበሩ። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ የሚስዮን ታሪክ ስንተርክ የምናስታውሰው ሁልጊዜ አውሮፓዊውን ብቻ ነውና። የራፓ ሰዎች ያለ መሣሪያ በብዙ ድምፅ የሚዘምሩት ዝማሬም በ1990ዎቹ ተቀርጾ በብዙ አገር ተደምጧል።

የሰዎቹ ቁጥር

ስለ ርግቢቱ ከመናገሬ በፊት ስለ ሕዝቡ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ያለዚያ ታሪኩ አይገባንም።

እንግሊዛዊው መርከበኛ ጆርጅ ቫንኩቨር ራፓን ያያት በ1791 ነበር። ወንጌል በገባበት በ1826 በደሴቲቱ ላይ 2,000 ያህል ሰው ይኖር እንደ ነበር ይነገራል። በእነዚያው ዓመታት ከመርከቦች ጋር የመጣ በሽታ ገባና ሕዝቡን እንደ ቅጠል አረገፈው። በ1863 ደግሞ የፔሩ ባሪያ ፈንጋዮች መጡ። የራፓ ሰዎች ግን ዝም ብለው አልተወሰዱም። ከመርከቦቹ አንዱን ማርከው፣ መርከበኞቹን አስረው፣ እስከ ታሂቲ ድረስ ወስደው ለባለ ሥልጣን አስረከቡ። ይህን ያህል ጀግኖች ነበሩ! ይሁን እንጂ ጀግንነት ያላሸነፈው ነገር ተከተለ። ከፔሩ ተለቅቀው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ፖሊኔዥያውያንን የጫነ መርከብ በሽተኞቹን በራፓ አራገፈ፤ ፈንጣጣውም አብሮ ወረደ። በ1867 አካባቢ በደሴቲቱ የቀሩት ሰዎች 120 ያህል ብቻ ነበሩ።

ከ2,000 ወደ 120! የዛሬዎቹ 500 ሰዎች በአብዛኛው የዚያ ቅሬታ ልጆች ናቸው። ስለዚህ “ሊጠፋ የተቃረበ” የሚለው ቃል ለእነርሱ ከመጽሐፍ የተማሩት ቃል አይደለም። የቅድመ አያቶቻቸው ታሪክ ነው።

የርግቢቱ ቁጥር

ርግቢቱን ለሳይንስ ዓለም በስም ያስመዘገባት በ1874 ጀርመናዊው የአእዋፍ ተመራማሪ ኦቶ ፊንሽ ነው። በ1989 እና በ1990 ተመራማሪዎች ደሴቲቱን ዞረው ሲገምቱ ያገኙት 274 ርግቦችን ነበር። በመላው ዓለም ማለት ነው። በአንድ መካከለኛ አጥቢያ እሑድ ጠዋት ከሚሰበሰበው ምዕመን ያንሳል። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ክትትል ደግሞ ቁጥሯ እየቀነሰ መሄዱን እንጂ መጨመሩን አላሳየም።

ታዲያ ማን አጠፋት? እዚህ ላይ ነው እኔን ያሳሰበኝ። እንደ ሰዎቹ ፈንጋይ መጥቶባት ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ቀላል በሆነ ነበር። እርሷን የጎዷት ግን ሁሉም ለቤት ይጠቅማሉ ተብለው የገቡ ነገሮች ናቸው።

ፍየሏን ተመልከቱ። መርከብ በሁለት ወር አንዴ ለሚመጣበት ሕዝብ ፍየል ትልቅ በረከት ናት፤ ሥጋ ናት። ነገር ግን ጠባቂ በሌለበት ተራራ ላይ ስትለቀቅ ከመሬት ብቅ ያለውን ችግኝ ሁሉ ትቀነጥባለች። ትልልቆቹ ዛፎች አይነኩም፤ ሲያዩት ጫካው እንዳለ ነው። ልጅ የሌለው ጫካ ግን ሆኗል። ሽማግሌው ዛፍ በነፋስ ሲወድቅ የሚተካው የለም። እንዲህ ያለው ጥፋት በአንድ ሰው ዕድሜ ስለማይታይ “እኔ ሳድግም እንዲሁ ነበር” እየተባለ ይኖራል።

ሁለተኛው ዘይቱን ነው። በአገራችን የምናውቀው ትልቁ ሳይሆን ፍሬው ትንሽና ቀይ የሆነ፣ ከብራዚል የመጣ ዓይነት ነው። ይጣፍጣል። ወፎችና እንስሳት በልተው ዘሩን ይበትኑታል፤ ከዚያ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅልና የአገሩን ዛፍ ችግኝ ፀሐይ ይከለክለዋል። ለግጦሽ ተብሎ የተለቀቀ እሳትም የጫካውን ጠርዝ ይበላል። ድመት ለአይጥ ተብሎ ገባ፤ ድመቱም አይጡም ግን የወፍ ጎጆ ያውቃሉ። ርግቢቱ አሁን የምትኖረው በሸለቆ ጥግና በገደል ሥር በተረፉ ቁርጥራጭ ደኖች ውስጥ ነው። ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ብትበር ሌላ ጫካ የለም፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው።

በማርኬሳስ ደሴቶች የምትኖር አንዲት ዘመዷ ነበረች። ለመጨረሻ ጊዜ በ1922 በሂቫ ኦአ ደሴት ተይዛ ለቤተ መዘክር ተወሰደች። ከዚያ በኋላ የታየች የለችም።

ምሳሌ ከመሆኗ በፊት

አንዳንዶቻችሁ “ይህ ዓምድ የቤተሰብ ነው፤ አሁን ርግቢቱን ወደ ትዳር ምሳሌ ይለውጣታል” ብላችሁ እየጠበቃችሁ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር እኛ ሰባኪዎችና ጸሐፊዎች ይህ ልማድ አለብን። ጉንዳን ስናይ ስለ ትጋት፣ ንስር ስናይ ስለ መታደስ እንናገራለን፤ ወፏ ራሷ ግን ትቀራለች። እግዚአብሔር ግን የራፓን ርግብ የፈጠራት እኛ ዛሬ ጽሑፍ እንድንጽፍባት ብቻ አይደለም። ራፓ ላይ ሰው እግሩን ከማሳረፉ በፊት ርግቢቱ ከፍሬ ዛፎቿ ጋር ነበረች። ያኔ ማንም ሰው አያያትም ነበር፤ ከፈጣሪዋ በቀር። ጌታ ኢየሱስም በገበያ በርካሽ ስለሚሸጡ ድንቢጦች ሲናገር አንዲቱ እንኳ ከአብ ፈቃድ ውጭ እንደማትወድቅ ነግሮናል (ማቴ. 10፥29)። በእርግጥ ቀጥሎ እኛ ከብዙ ድንቢጦች እንደምንበልጥ ነግሮናል። እንበልጣለን ማለት ግን እነርሱ ዋጋ የላቸውም ማለት አይደለም። ዋጋ ከሌለው ነገር መብለጥ ምን ክብር አለው?

“ምድር ልትቃጠል ነው፤ ስለ ወፍ ማሰብ ጊዜ ማባከን ነው” የሚል ወንድምም አይጠፋም፤ 2ኛ ጴጥሮስ 3ን ይጠቅሳል። እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። የተከራየኸው ቤት ኮንትራቱ የሚያልቅበት ቀን ስላለ ብቻ በሩን ሰብረህ ታነዳለህ? የቤቱ ባለቤት የሚመጣ ከሆነ ጥንቃቄው መጨመር እንጂ መቀነስ የለበትም። አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትም ሊጠብቃትም ነበር (ዘፍ. 2፥15)። ማበጀቱን ሁላችንም እናውቅበታለን፤ እርሻ ነው፣ ግንባታ ነው፣ ገንዘብ ነው። መጠበቁን ግን ማን ሰበከው?

ሌላኛው ተቃውሞ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ በቀላሉም ማለፍ አልፈልግም። “ልጆቹን የሚመግብ አባት ፍየሉን ለርግብ ሲል ይተው?” የሚለው ነው። ከሩቅ ከተማ ተቀምጦ “ፍየሎቻችሁን አስወግዱ” ብሎ መጻፍ ይቀላል። መርከቡ ሲዘገይ የሚራበው ግን ጸሐፊው አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ መልስ የሌለው ይመስለን ይሆናል፤ ዘዳግም 22፥6-7ን እንድታነቡት እጠይቃችኋለሁ። በመንገድ የሚሄድ ሰው የወፍ ጎጆ ቢያገኝ፣ እናቲቱም በጫጩቶቿ ወይም በእንቁላሎቿ ላይ ተቀምጣ ቢሆን፣ እናቲቱን ከልጆቿ ጋር እንዳይወስድ ሕጉ ይከለክለዋል። ልጆቹን ይውሰድ፤ እናቲቱን ግን ይልቀቅ። መልካም እንዲሆንለትና ዕድሜው እንዲረዝምም ተስፋ ተጨምሮለታል። አባትና እናትን ስለ ማክበር ከተሰጠው ተስፋ ጋር የሚመሳሰል ተስፋ ለወፍ ጎጆ!

ልብ በሉ፤ ሕጉ ሰውየውን “አትብላ” አላለውም። መራቡን ያውቃል። ነገር ግን ሁሉንም መውሰድ እየቻለ እንዳይወስድ ይገድበዋል። የሚያየው ምስክር የለም፤ በመንገድ ላይ ብቻውን ነው። እናቲቱ ከተለቀቀች በሚመጣው ዓመት ሌላ ጎጆ ትሠራለች። ለእኔ የራፓ ጥያቄ በሙሉ እዚህች ሕግ ውስጥ አለ፤ ፍየል ወይስ ርግብ የሚል ሳይሆን የፍየሏ ድንበር የት ነው የሚል። አንድን ሸለቆ ማጠር ፍየልን ማጥፋት አይደለም።

ጎጆዋ

እንግዲህ ባለትዳሮች፣ ርግቢቱን ራሷን እንያት። የዚህ ወገን ርግቦች ጎጆ ስስ ነው፤ ጥቂት ጭራሮ ተሻግሮ የተቀመጠ እንጂ የተሸመነ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚጥሉት አንድ እንቁላል ብቻ ነው። አንዲት አይጥ ያችን እንቁላል ካገኘች ያ ሁሉ ድካም በአንድ ሌሊት አለቀ ማለት ነው።

እንቁላሉን የሚታቀፉት ሁለቱም ናቸው። በርግብ ወገን በአብዛኛው ወንዱ የቀኑን ሰዓት ሲይዝ ሴቷ ከማምሻው እስከ ንጋት ትታቀፋለች። ከዚህ የሚበልጥ ግን አለ። ጫጩቱ ሲፈለፈል የሚመገበው ወተት የሚመስል ነገር ነው። ፍሬ ብቻውን ለሚያድግ ጫጩት በቂ ገንቢ ምግብ የለውም፤ ስለዚህ በወላጆቹ አንገት ሥር ያለው የምግብ ማቆያ ከረጢት ውስጠኛው ሽፋን ይወፍርና እየተላጠ በፕሮቲንና በስብ የበለጸገ ምግብ ይሆናል። ይህን ወተት እናቲቱ ብቻ አይደለችም የምትሰጠው። አባትየውም ያመነጫል! ጫጩቱ ራሱን ወደ አባቱ አፍ አስገብቶ ይጠባል ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ይህን ለባለቤቴ ሳነብላት ሳቀችና “እስቲ ይህን በወንዶች ኅብረት ላይ አንብብላቸው” አለችኝ። እነሆ፣ እዚህ ጻፍኩት። “ልጅ ማሳደግ የሴት ሥራ ነው” የሚለውን ንግግር በመጽሐፍ ቅዱስ ስም የሚደግፉ ወንድሞች ጥቅሱን አሳዩኝ ብላቸው የሚያሳዩኝ ባህልን ነው። ኤፌሶን 6፥4 ልጆችን ስለ ማሳደግ ሲናገር በቀጥታ የሚጠራው አባቶችን ነው።

የፍሬ በል ርግብ ሌላም ሥራ አላት። እህል በል ርግቦች ዘሩን በጠንካራ ሆዳቸው ይፈጩታል። የፍሬ በል ርግቦች ሆድ ግን ለስላሳውን የፍሬ ሥጋ ብቻ ወስዶ ዘሩን እንዳለ ያሳልፈዋል። ርግቢቱ ከአንዱ ሸለቆ የበላችውን ዘር በሌላው ትጥላለች። ጫካው እርሷን ይመግባል፤ እርሷም ጫካውን ትተክላለች። ርግቢቱ ብትጠፋ የሚጎድለው አንድ የወፍ ድምፅ ብቻ አይሆንም ማለት ነው።

ራሁይ

ተስፋ ቢስ አድርጌ ላሳያችሁ አልፈልግም፤ የራፓ ሰዎች ገደብ ማበጀትን የሚያውቁ ናቸውና። በራፓ መሬት የግል ሸቀጥ አይደለም፤ አይሸጥም አይለወጥም። ቶሂቱ የሚባል የሽማግሌዎች ጉባኤ ያስተዳድረዋል። ባሕሩን በተመለከተ ደግሞ ራሁይ የሚባል የአባቶች ሥርዓት አላቸው፤ ለጊዜው መከልከል ማለት ነው። በወሽመጡ ውስጥ ዓሣ እያነሰ መሄዱን ባዩ ጊዜ በ1984 ይህን ሥርዓት መልሰው አቆሙት። ከወሽመጡ የተወሰነው ክፍል ተዘጋ። በዚያ ማንም መረብ አይጥልም፣ ማንም ጠልቆ አያጠምድም። ከዚያ በታወቀ ቀን ይከፈታል፤ ሕዝቡ በአንድነት ወጥቶ ያጠምዳል፤ የተገኘው ዓሣ ለየቤተሰቡ ይከፋፈላል፤ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል።

ማንም ከፓሪስ መጥቶ አላዘዛቸውም። ወታደርም አይጠብቀውም። ጎረቤት ለጎረቤት ቃል የገባው ቃል ነው የሚጠብቀው። ታዲያ ባሕሩን እንዲህ የጠበቀ ሕዝብ ለቀሩት ሸለቆዎች ራሁይ ማበጀት ያቅተዋል? እኔ አያቅተውም ባይ ነኝ። ሥራው ግን ከዓሣው ይከብዳል። ዓሣ ሲጠበቅ በዓመቱ ጠግበህ ትበላለህ፤ ርግብ ስትጠበቅ ግን የሚበላ ነገር የለም። የአጥሩ እንጨትና ሽቦም በዚያው በመርከቡ ነው የሚመጣው። አጥር የሚሠራው፣ ዘይቱን የሚነቅለው፣ አይጥ የሚያጠምደው ሰው የድካሙን ዋጋ የሚያየው የልጅ ልጁ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ እምነት ይጠይቃል፤ እነርሱም እንደ እኛ እሑድ እሑድ ስለ እምነት የሚዘምሩ ናቸው።

ባለፈው እትም “በቤታችን ገደብ ማበጀት” በሚል ከጻፍኩት በኋላ ከአንባቢያን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ ሞባይልና ስለ ሥራ ሰዓት ነበሩ። አንዲት እህት “ባለቤቴ ሁሉ ነገር ጠቃሚ ነው ይለኛል፤ ሥራው ጠቃሚ፣ አገልግሎቱ ጠቃሚ፣ ስልኩም ጠቃሚ፤ ታዲያ የትኛውን ልከልክለው?” ብላ ጽፋልኛለች። እህቴ፣ ፍየሏም ጠቃሚ ናት። ጥያቄው ተራራው ሁሉ ተለቅቆላታል ወይ ነው። ከባለቤትሽ ጋር ተቀመጡና አንድ ሰዓት ብቻ፣ ለምሳሌ ከእራት በኋላ ያለውን፣ በስምምነት ዝጉት። ልጆቹም ይስሙ፤ እነርሱ ከማንም በላይ ጠባቂዎች ናቸው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመዝጋት አትሞክሩ፤ የራፓ ሰዎችም የዘጉት ወሽመጡን ሁሉ አይደለም።

በሚቀጥለው ወር ሰንበትን ስለ ማክበርና ስለ ቤት ሠራተኞች ዕረፍት የደረሱኝን ሁለት ደብዳቤዎች ይዤ እመለሳለሁ። እስከዚያው ዘዳግም 22ን ከቤተሰባችሁ ጋር አንብቡ፤ ልጆች ካሏችሁ የዓለምን ካርታ አውጡና ራፓን ይፈልጓት። ከታሂቲ ወደ ታች ነው፤ በብዙ ካርታ ላይ ግን ነጥቧ አትታይም።